የ14 ዓመት ልጅ እንደ አዋቂ ይከሰስ? ከመፈረማችን በፊት እንነጋገር

የመነሻ ጽሑፍ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። እኔ በዲሲና በሜሪላንድ ኡበር እነዳለሁ። ሰሞኑን በሹፌሮች የዋትስአፕ ግሩፓችን አንድ ደብዳቤ እየዞረ ነው። ለሴኔት የሚላክ ነው፤ ስማችሁን አስገቡ እየተባልን ነው። ደብዳቤው ሁለት የሕግ ረቂቆች እንዲጸድቁ ይጠይቃል። አንዱ የዲሲ ልጆችን ይመለከታል። ዛሬ ባለው ሕግ የፌደራሉ ዐቃቤ ሕግ በራሱ ሥልጣን ልጅን እንደ አዋቂ መክሰስ የሚችለው ልጁ 16 ዓመት ሲሞላው ነው፤ ያውም በጥቂት ከባድ ወንጀሎች ብቻ። ረቂቁ ይህን ዕድሜ ወደ 14 ያወርደዋል። ሁለተኛው ዋስትናን ያጠብቃል። የገንዘብ ዋስን ወደ ዲሲ ይመልሳል። በኃይል ወንጀል የተከሰሰ አዋቂ ደግሞ ፍርድ እስኪያገኝ እንዲታሰር ያስገድዳል። የመጀመሪያው በሴፕቴምበር 2025፣ ሁለተኛው በኖቬምበር የተወካዮች ምክር ቤትን አልፈዋል። የቀራቸው ሴኔት ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

እዚህ እንዴት እንደደረስን ሁላችንም እናውቃለን። በ2023 ዲሲ ውስጥ ከ950 በላይ ጊዜ መኪና ከሰው እጅ በጉልበት ተቀምቷል። ከ2022 ጋር ሲተያይ እጥፍ ገደማ ነው። ቆመው የተሰረቁት በዚህ ውስጥ አልተቆጠሩም፤ እነሱ በሺዎች ናቸው። በቅሚያ ከተያዙት ውስጥ ሁለት ሦስተኛ ገደማው ከ18 ዓመት በታች ነበሩ። በማርች 2021 ከናሽናልስ ስታዲየም አጠገብ የሞተውን ፓኪስታናዊ ምግብ አድራሽ ማን ይረሳዋል? የ66 ዓመት ሰው ነበር። መኪናውን ሊቀሙት የገቡት የ13 እና የ15 ዓመት ልጃገረዶች ናቸው። የልጆች ፍርድ ቤት ሊሰጥ የሚችለው የመጨረሻ ቅጣት 21 ዓመት እስኪሞላቸው መያዝ ነው። የተፈረደባቸውም እሱ ነው። ያንን ቪዲዮ ያየ ሹፌር ሌሊት ሰው ሲጭን ልቡ ይፈራል።

እኔም በዚሁ ስሜት ልፈርም ነበር። ግን ቤቴ ውስጥ የ15 ዓመት ልጅ አለ። ደብዳቤውን ደግሜ ሳነበው እጄ አልሄድ አለኝ። ጥያቄዬ ይህ ነው። እነዚህ ሕጎች እኛን ሹፌሮችን በእውነት ይጠብቁናል? ብንፈርምስ የምንፈርመው ምን ላይ ነው? የምታውቁ ንገሩን።

ከዚህ በታች ያለውን የጨመርኩት በኋላ ነው። ክሩ በጣም ረዘመ። አዲስ የሚገቡ ሰዎች ሁሉን ለማንበብ ጊዜ የለንም እያሉ ነው። ስለዚህ መልሶቹን በቁጥራቸው እየጠራሁ፣ በራሴ አነጋገር አሳጥሬ አስቀምጫለሁ። አንዳንዱ ላይ ሐሳቤን ጣል አድርጌያለሁ።

መልስ 1። የመጀመሪያው መላሽ ታክሲ የቆየ፣ በኋላ ወደ አፕ የገባ ወንድማችን ነው። በትሕትና ነው የጀመረው። የደረሰበትን ተናገረ። ሌሊት ላይ ሦስት ልጆች ጭኖ ነበር። መድረሻቸው ሲደርሱ ከኋላ የተቀመጠው መሣሪያ አወጣ። ስልኩንም መኪናውንም ወሰዱ። መኪናው ከቀናት በኋላ ተጋጭቶ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ሌሊት መሥራት ትቷል፤ ገቢውም በዚያው ልክ ወርዷል። ጥይት የተኳሹን ዕድሜ አይጠይቅም ይላል። የ15 ዓመት ልጅ በዚህ ከተማ ምንም ቢያደርግ አይነካም፤ ልጆቹም ይህን አውቀው ነው የሚሠሩት ብሎ ያምናል። ዛሬውኑ ፈርሙ ብሏል።

መልስ 2 ሐሳቡን ደገፈ። በኦገስት 2022 የዋሽንግተን ኮማንደርስ ተጫዋች ብራያን ሮቢንሰን ኤች ስትሪት ላይ መኪናውን ሊቀሙት በመጡ ልጆች በጥይት መመታቱን አስታወሰ። በኦክቶበር 2023 ደግሞ የኮንግረስ አባሉ ሄንሪ ኩዌላር ኔቪ ያርድ አካባቢ መኪናቸውን ተቀምተዋል። ለእነሱ ያልተመለሰ ለእኛ ይመለሳል ወይ ነው የሱ ጥያቄ።

መልስ 3 ይህን ክር ቁም ነገር ያደረገው ነው። የጻፈችው ጠበቃ ቢሮ የምትሠራ እህት ነች። መልስ 1ን በአክብሮት ግን በቀጥታ አረመችው። የ15 ዓመት ልጅ አይነካም የሚለው ትክክል አይደለም አለች። በዲሲ ከ18 በታች ያሉትን የሚከሰው የከተማዋ ዋና ዐቃቤ ሕግ ነው፤ አሁን ብራያን ሽዋልብ። አዋቂዎቹን የሚከሰው የፌደራሉ ዐቃቤ ሕግ ነው፤ አሁን ጄኒን ፒሮ። ልጁ 15 ዓመት ከሞላውና ከባድ ወንጀል ከሆነ፣ የከተማዋ ዐቃቤ ሕግ ወደ አዋቂ ፍርድ ቤት ይዛወር ብሎ ዳኛን መጠየቅ ዛሬም ይችላል። ዳኛው ሁለቱን ወገን ሰምቶ ይወስናል። ልጁ 16 ሲሆን ግን በግድያ፣ በመሣሪያ ዝርፊያ፣ በከባድ የወሲብ ጥቃትና ሰው ያለበትን ቤት በመስበር የፌደራሉ ዐቃቤ ሕግ ዳኛ ሳይጠይቅ እንደ አዋቂ ሊከሰው ይችላል። መኪና መቀማት በስሙ ዝርዝሩ ውስጥ የለም። መሣሪያ ካለበት ግን በመሣሪያ ዝርፊያ በኩል ይገባል። አንዴ በዚህ መንገድ ከተከሰሰ ዳኛው ወደ ልጆች ፍርድ ቤት ሊመልሰው አይችልም። ስለዚህ ረቂቁ የሚቀይረው ልጁ ይጠየቃል ወይስ አይጠየቅም የሚለውን አይደለም። ማን ይወስናል የሚለውን ነው። ለ14 እና ለ15 ዓመት ልጆች ዳኛውን ከመንገዱ ያወጣዋል።

እኔ ይህን ከማንበቤ በፊት ክርክሩ ሁሉ ስለ ቅጣት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ደብዳቤውን ያዘጋጁት ሰዎችም ይህን መጻፍ ነበረባቸው። አንድ መስመር የለም።

መልስ 4 ላይ መልስ 1 ተመልሶ መጣ። አሁን ድምፁ ጠንከር ብሏል። ወረቀት ላይ ያለ ሥልጣን የማይሠራበት ከሆነ እንደሌለ ነው አለ። ዐቃቤ ሕጉ ካልጠየቀ ዳኛው ምን ያደርጋል? ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም። እህታችንም በኋላ ላይ ጥያቄው ብዙ ጊዜ እንደማይቀርብ ሳትሸሽግ ተናግራለች።

መልስ 5 ወደ ዋስትናው ወሰደን። ስሙን ያልጻፈ ግን ነገሩን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ነው። ዲሲ ከ1992 ጀምሮ የገንዘብ ዋስን እንደተወች አስረዳ። ያ ማለት ሁሉም ይለቀቃል ማለት አይደለም። ዳኛው ሰውየው ለሕዝብ ያሰጋል ካለ ያለ ምንም ዋስ ያስረዋል፤ ሚሊዮን ዶላር ቢያመጣም አይወጣም። የቀሩት በቁጥጥር ሥር ይለቀቃሉ። አንዳንዱ እግሩ ላይ ጂፒኤስ ይታሰርለታል። በጁላይ 2023 የከተማው ምክር ቤት ባወጣው አስቸኳይ ሕግ ደግሞ በኃይል ወንጀል ለተከሰሰ ሰው መነሻው መታሰር ሆነ፤ መለቀቅ አለብኝ የሚል ተከሳሽ ምክንያቱን ማስረዳት አለበት። በማርች 2024 ከንቲባ ባውዘር ሴኪዩር ዲሲ የሚባለውን ሰፊ ሕግ ፈረሙ። ለአዋቂ መኪና በጉልበት መቀማት ያለ መሣሪያ ቢያንስ 7 ዓመት፣ በመሣሪያ ቢያንስ 15 ዓመት የሚያስቀጣውም ከድሮ ጀምሮ ነው። በ2024 ቅሚያው ወደ ግማሽ ወረደ፤ በ2025ም መውረዱን ቀጠለ። እነዚህ ሁለት ረቂቆች ግን ያኔ አልነበሩም። ታዲያ በሌለ ሕግ ካልወረደ፣ ባለው ነው የወረደው ይላል።

መልስ 6 ለዚህ ጥሩ ማሟያ ሆነ። አሌክሳንድሪያ የሚኖር ወንድም ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ የገንዘብ ዋስ አለ፤ የአክስቱ ልጅ በጠብ ተከሶ አይቶታል። ዳኛው ያዘዙትን ዋስ ቤተሰቡ ባንድ ጊዜ መክፈል አልቻለም። የዋስ ነጋዴ ዘንድ ሄዱ። እሱ ከመቶ አሥሩን ይወስዳል፤ ያ ገንዘብ አይመለስም። እናቱ እቁቧ እንዲቀድምላት ለምና ከፈለች። ልጁ በኋላ ነጻ ወጣ፤ ገንዘቡ ግን እንደሄደ ቀረ። በዚያው ሳምንት በባሰ ነገር የተያዘ ሰው ኪሱ ሙሉ ስለሆነ ከሱ በፊት ወጥቷል። ሹፌሩን የሚያስፈራው አደገኛው ሰው ነው እንጂ ድሃው አይደለም፤ ገንዘብ ደግሞ ሁለቱን አይለይም ብሎ ጨረሰ። ስለ ዋስትና ከተጻፈው ሁሉ እኔን ያሳመነኝ ይህ ነው።

መልስ 7 ከፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ነው፤ አጭር ነው። ነገሩ የዲሲ ብቻ አይደለም፤ ልጆቹ ኢስተርን አቬኑን በእግራቸው ይሻገራሉ አለ። ሜሪላንድ በ2022 ባወጣችው ሕግ ከ13 ዓመት በታች ያለ ልጅ ከከባድ የኃይል ወንጀል በቀር አይከሰስም ነበር። ፖሊሶችና ዐቃቤ ሕጎች አጉረመረሙ። በሜይ 2024 ገዥው ዌስ ሙር አዲስ ሕግ ፈረሙ። አሁን ከ10 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በመኪና ስርቆት ቢያዝ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ ዓላማው ግን ክትትልና አገልግሎት እንዲታዘዝለት ነው። 16 የሞላው ቀማኛ ግን እዚያም እንደ አዋቂ ተከሶ ነው የሚጀምረው።

መልስ 8 እስከ 12 ከርዕሱ ወጡ። ሆኖም ጠቃሚ ነገር አለባቸው። አንዱ የስርቆቱን እሳት ያቀጣጠለው ሕግ ሳይሆን ኪያና ሃዩንዳይ ናቸው አለ። በ2011 እና በ2021 መካከል የተሠሩ ብዙ ሞዴሎቻቸው እዚህ አገር የተሸጡት ያለ ሞተር መቆለፊያ ቺፕ ነው። ካናዳ ከ2007 ጀምሮ አስገዳጅ ስላደረገችው እዚያ የሚሸጡት አላቸው። በ2022 ልጆች በቲክቶክ ላይ በዩኤስቢ ገመድ ጫፍ እንዴት እንደሚነሳ አሳዩ፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችንም አየን። ኩባንያዎቹ በ2023 የሶፍትዌር ማስተካከያ አወጡ። ከተማውም የመሪ መቆለፊያ ብረትና መከታተያ ታግ በነጻ አደለ። ሌላው ተቆጣ። ለሌባ ጠበቃ ሆንክ አለው። ቤቴ በሩ ደካማ ነው ማለት ግባ ማለት ነው ወይ ብሎ ጠየቀው። ተካረሩ። አራተኛው ሁለቱን ትቶ የራሱን ጭንቀት አመጣ። መኪናው ከተሰረቀ በኋላ የካሜራ ትኬት በፖስታ እየመጣለት ነው። አትክፈል፤ የፖሊስ ሪፖርት ቁጥሩን አያይዘህ ተከራከር ብለው መለሱለት። ትክክል ነው። መኪናው የተሰረቀ መሆኑን ቀድመህ ካስመዘገብህ ትኬቱ ይሰረዝልሃል። ሪፖርት ማድረግን ለነገ አትበሉ።

መልስ 13 ስትደርሱ ቀስ ብላችሁ አንብቡ። የጻፉት እናት ናቸው። ልጃቸው 16 ዓመቱ ሳለ ከትምህርት ቤት ሲወጣ ጓደኞቹ መኪና ይዘው መጡ። ገባ። መኪናው የተሰረቀ ነበር። ዲሲ ውስጥ የተሰረቀ መሆኑን እያወቁ አብሮ መሳፈርም ያስከስሳል። ፖሊስ አስቆማቸው። ልጁ ማውንት ኦሊቬት ሮድ ባለው የወጣቶች ማቆያ አደረ። እሳቸው ማታ ሆስፒታል ነው የሚሠሩት፤ ጥሪውን ያዩት ሲነጋ ነው። ዳኛው ወደ ክትትል ፕሮግራም መራው። ከትምህርት ቤት ቀጥታ ወደ ቤት፣ በየሳምንቱ ከተቆጣጣሪው ጋር መገናኘት፣ እግሩ ላይ ጂፒኤስ። ዛሬ ልጁ ሙያ ተምሮ ይሠራል። እሳቸው ማንንም ለመከላከል አልጻፍኩም ይላሉ። ተቀማሁ ያለው ወንድሜ እንባ የኔም እንባ ነው ይላሉ። ግን ከዚያ ሌሊት በፊት ቢጠይቋቸው የኔ ልጅ እንዲህ አያደርግም ብለው ይምሉ ነበር።

መልስ 14 ለእኚህ እናት የተሰጠው መልስ መጥፎ ነበር። በዕድሜ የሚበልጡትን ሴት አንቺ እያለ፣ ልጅሽን ያልያዝሽው ራስሽ ነሽ፣ የሱን ጥፋት እኛ ላይ አትለጥፊ ብሎ ጻፈ። ሐሳብን መቃወም ይቻላል። ልጇ ማቆያ ያደረባትን እናት እንዲህ መናገር ግን ከእኛ አይጠበቅም። መልስ 15 ላይ አንድ ሽማግሌ ገሠጹት። ሁለት ሥራ ደርበው የሚሠሩ ወላጆች የሞሉበት ማኅበረሰብ መሆናችንን አስታወሱት። እኛ ልጆቻችንን ወደዚህ ያመጣነው ለትምህርት ነው፤ ከትምህርት ቤት ከወጡ በኋላ የት እንደሚውሉ ግን ስንቶቻችን እናውቃለን ብለው ጠየቁ። ያን መልስ የጻፈው ሰው ይቅርታ አልጠየቀም። በኋላም አልተመለሰም።

መልስ 16 ብዙ ምስጋና ያገኘው ነው። የጠበቃ ቢሮዋ እህት ተመልሳ መጣች። ማንም ያላነሳውን የግሪን ካርድ ጉዳይ አነሳች። በልጆች ፍርድ ቤት ጥፋተኛ የተባለ ልጅ በኢሚግሬሽን ሕግ ዘንድ እንደ ወንጀል ፍርደኛ አይቆጠርም። ያው ልጅ፣ በዚያው ድርጊት፣ እንደ አዋቂ ተከሶ ከተፈረደበት ግን ፍርደኛ ነው። መኪና በጉልበት መቀማት ደግሞ ግሪን ካርድ ያለውን ሰው ከአገር ሊያስባርር ከሚችሉት ወንጀሎች ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ዕድሜው ከ16 ወደ 14 ሲወርድ፣ ለአሜሪካዊው ልጅ ትርጉሙ እስር ነው፤ በግሪን ካርድ ለመጣው የእኛ ልጅ እስርም መባረርም ነው። በሕፃንነቱ ወደ ተዋት፣ ቋንቋዋን በቅጡ ወደማይናገርባት አገር።

ቀጥላ ለወላጆች ምክር ሰጠች። ልጁ ግሪን ካርድ ካለው፣ 18 ዓመት ሳይሞላው ከእናቱና ከአባቱ አንዱ ሲቲዝን ከሆነና ልጁ የሚኖረው ከዚያው ወላጅ ጋር ከሆነ፣ ልጁም በዚያው ቅጽበት ሲቲዝን ይሆናል። ሕጉ ከፌብሩዋሪ 2001 ጀምሮ በሥራ ላይ ነው። ልጁ ፈተና አይፈተንም። ብዙ ወላጆች ግን እንግሊዝኛዬ አልደረሰም፣ ክፍያው በዛ፣ ነገ አደርገዋለሁ እያሉ ልጁ 18 ያልፈዋል። ከዚያ በኋላ በራሱ ማመልከት ይኖርበታል፤ ክስ ካለበት ደግሞ በሩ ይጠብበታል። እዚህ ላይ እኔም አደራ እላለሁ። ደብዳቤውን ፈረማችሁም አልፈረማችሁም፣ የዜግነት ማመልከቻችሁን ዛሬ አስገቡ። ቤታችሁ ውስጥ ልጅ ካለ ለራሳችሁ ብቻ አይደለም የምታስገቡት።

መልስ 17 ወደ አገር ቤት ወሰደን። የ1996ቱ የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ ከ9 ዓመት በታች ያለን ልጅ ጨርሶ አይጠይቅም፤ ከ9 እስከ 15 ያለውን በተለየ እርምጃ ያርማል፤ ከ15 እስከ 18 ያለውን ደግሞ በመደበኛው ሕግ ይጠይቃል፣ ዳኛው ግን ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችላል። 1996 በእኛ አቆጣጠር ነው። ጸሐፊው ሊል የፈለገው፣ ልጅን ከአዋቂ መለየት የፈረንጅ ልዝብነት አይደለም፤ የኛም ሕግ ያውቀዋል ነው። ሁለት ሰዎች ስለ አዲስ አበባ የመኪና ዕቃ ሌቦች ማውራት ጀመሩና ስፖኪዮ የት እንደሚሸጥ ሲከራከሩ ዋሉ።

መልስ 18 የፖለቲካ ንትርክ ነው። በኦገስት 2025 ፕሬዚዳንት ትራምፕ ብሔራዊ ዘብ ዲሲ ያስገቡት፣ በፌደራል መንግሥት ውስጥ የሠራ አንድ ወጣት መኪና ሊቀሙ በመጡ ልጆች ከተደበደበ በኋላ መሆኑን ጠቅሶ ይጀምራል። የተያዙት ሁለቱ የ15 ዓመት ልጆች ነበሩ። ከዚያ በኋላ ያለው መሰዳደብ ነው። እዘለዋለሁ።

መልስ 19 ጡረታ የወጣ፣ ብዙ ዓመት ፍርድ ቤት አካባቢ የሠራ ሰው ነው። ጽሑፉ ረጅም ነው፤ ፍሬው ግን አለ። ልጅ ሲሰርቅ የቅጣቱን ዓመት አይቆጥርም፤ እያዛለሁ ወይስ አልያዝም ብቻ ነው የሚያስበው ይላል። የዲሲ ችግር ደግሞ እዚያ ነበር። የከተማው የወንጀል ላቦራቶሪ በ2021 እውቅናውን ተነጠቀ፤ ከፊሉ የተመለሰለት በ2023 መጨረሻ ነው። የጣት አሻራ፣ የጥይት ምርመራ ወደ ሌላ ቦታ ይላክ ነበር። በ2022 በጀት ዓመት ፖሊስ ካሰራቸው ሰዎች 67 በመቶው ላይ የፌደራሉ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ በዕለቱ ክስ አልመሠረተም። እነዚህ አዋቂዎች ናቸው፤ የልጆች ሕግ አያገባቸውም። አንድ ጎረምሳ ታላቅ ወንድሙ ተይዞ በማግስቱ ሲመለስ ካየ ምን ይማራል? በኋላ ክስ የሚመሠረተው በረከተ፣ ላቦራቶሪውም ተመለሰ፣ ቅሚያውም ወረደ። እሱ ምክንያቱን እዚህ ነው የሚያየው።

ሌላም ነገር አነሳ። ልጁ እንደ አዋቂ ተፈርዶበት የት ነው የሚገባው? ሎርተን የሚባለው እስር ቤቷ በ2001 ከተዘጋ ወዲህ ዲሲ ለከባድ ወንጀል ፍርደኞች የራሷ እስር ቤት የላትም። ፍርደኞቿ በፌደራል እስር ቤቶች ውስጥ በየስቴቱ ይበተናሉ። እስከ 18 ዓመቱ ወጣቶች ማቆያ ይቆያል፤ ከዚያ ወላጅ በቀላሉ ሊጠይቀው ወደማይችልበት ይሄዳል። ሲወጣ ጎልማሳ ነው። እዚሁ ከተማ ነው የሚመለሰው። እኛው ነን የምንጭነው።

መልስ 20 ላይ መልስ 1 ለሦስተኛ ጊዜ ጻፈ። ተቆጥቶ ነበር፤ ቁጣው ግን ይገባኛል። ሁላችሁም ስለ ልጆቹ ተናገራችሁ፣ ስለኔ ማን ተናገረ አለ። መሣሪያ ጭንቅላቱ ላይ የተደገነው እሱ ነው። ልጆቹ ይያዙ አይያዙ፣ ይፈረድባቸው አይፈረድባቸው እስከ ዛሬ የነገረው የለም። የልጆች ጉዳይ ምስጢር ነው ይሉታል። ሱፐርማርኬት ውስጥ አጠገቡ ቆመው ሊሆን ይችላል። ጠንካራ ሕግ ሲባል የሚደግፈው ቢያንስ የአዋቂ ፍርድ ቤት በሩ ክፍት ስለሆነ ነው። ገብቶ ማየት ይችላል።

ይህን ሳነብ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። በክሩ ሁሉ ለጠንካራው ሕግ የቀረበው ከባዱ ምክንያት ይህ ነው። የሚጠይቀው ግን የ14 ዓመት ልጅ እስር ቤት እንዲገባ አይደለም። እንዲነገረው ነው። ያንን ደግሞ ዕድሜ ሳያወርዱ ማስተካከል ይቻላል።

መልስ 21 የጠበቃ ቢሮዋ እህት ለሱ ብቻ ጻፈችለት። በከተማው ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ውስጥ ለተጎጂዎች የተመደቡ ሠራተኞች አሉ፤ የጉዳዩን ቁጥር ይዘህ ጠይቃቸው አለችው። የዲሲ ሱፒሪየር ኮርት የወንጀል ተጎጂዎች ካሳ ፕሮግራምም አለ። ለሕክምና፣ ለሥነ ልቦና ምክርና ለቀረ ደመወዝ እስከ 25,000 ዶላር ሊከፍል ይችላል። ከሹፌሮቻችን ስንቱ ይህን ያውቃል? እኔ ካነጋገርኳቸው አንድም አላገኘሁም።

መልስ 22 እና 23 ኢንሹራንስ ላይ ናቸው። አፑን ከፍተህ ጥሪ እየጠበቅህ ሳለ መኪናህ ቢወሰድ፣ የግል ኢንሹራንስህ ለሥራ ስትጠቀምበት ነበር ብሎ ሊተውህ ይችላል። የአፑ ኩባንያ ሽፋን ደግሞ ለመኪናህ የሚደርሰው ጥሪ ከተቀበልህ በኋላ ነው፤ ያውም የግል ኢንሹራንስህ ሙሉ ሽፋን ከሆነ። ለዚህ ክፍተት ተብሎ የሚጨመር ሽፋን አለ። ደላላችሁን በስሙ ጠይቁት፤ ራይድሼር በሉት። በወር የሚጨምረው ብዙ አይደለም። አንድ ወንድም ይህን ሳያውቅ መኪናውን ካጣ በኋላ የመኪናውን ብድር እስካሁን እየከፈለ ነው።

መልስ 24 የመጣው ደብዳቤውን ካዘጋጁት አንዱ ነው። ክሩን ሙሉ እንዳነበበው ተናገረ። ዕድሜውን ከደብዳቤው ለማውጣት ግን ፈቃደኛ አይደለም። ሴኔተሮቹ የሚሰሙት ግልጽ ጥያቄ ነው፣ በዝርዝር ከተከፋፈልን ማንም አይሰማንም ይላል። የሱ ወንድም ተቀምቷል። አልፈርድበትም። የኔን አቋም ግን እዚሁ በግልጽ ነገርኩት። እኔ በዚያ ደብዳቤ ላይ አልፈርምም።

ሌላ ደብዳቤ ጽፌያለሁ። የሚላከው ለሴኔት ብቻ ሳይሆን ለከተማው ምክር ቤትና ለሁለቱም ዐቃቤ ሕጎች ነው። በመሣሪያ የቀማ ልጅ ጉዳይ በጥቂት ቀን ውስጥ ዳኛ ፊት ይቅረብ፤ የሚያሰጋ ከሆነ ይያዝ፤ ወደ አዋቂ ፍርድ ቤት ይዛወር የሚባል ከሆነ ዳኛ ሰምቶ ይወስን ይላል። የገንዘብ ዋስ አይመለስ ይላል። የተቀማ ሰው የጉዳዩን ውጤት በሚገባው ቋንቋ ይነገረው፤ ከተፈለገ በአማርኛ ይላል። ዲሲ ውስጥ አማርኛ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሊያስተናግዱባቸው ከሚገቡ ቋንቋዎች አንዱ ስለሆነ አዲስ ነገር አልጠየቅንም። የአፕ ኩባንያዎችም የጫነውን ሰው ማንነት ለፖሊስ በዚያው ሌሊት እንዲሰጡ ጠይቀናል። የመጨረሻዋን ሐሳብ ያመጣው መልስ 1 ነው። ሁለቱም ደብዳቤዎች ላይ እፈርማለሁ ብሏል።

መፈረም የምትፈልጉ ሙሉ ስማችሁንና የምትኖሩበትን ዋርድ ወይም ካውንቲ በውስጥ መስመር ላኩልኝ። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያላችሁም ትችላላችሁ፤ ዲሲ ውስጥ የምትሠሩ መሆኑን ብቻ ጻፉ። ሐሙስ ማታ እዘጋዋለሁ።